ሰባት ቤት ሲቆጠር

ይድረስ ለተከበሩ እናቴ፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ በጤና በኩል ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለመድኃኔዓለም። ልጅዎ ኢዮኤል ሎስ አንጀለስ በሕይወት ተገኘ ተብሎ በግ እንዳረዱ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ በግ ነው።

ልጄ ሐሌታ የምታገባውን ልጅ ልታስተዋውቀን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ምግብ ቤት ቀጠረችን። አሮን ይባላል፣ ያደገው ሲያትል ነው። ባለቤቴ ኤልሳቤጥ ምግቡ እንኳ ሳይቀርብ አባትህ ማን፣ አያትህ ማን ብላ ቆጠራ ጀመረች። ልጆቹ ሳቁባት። የመጨረሻ ስማቸው አንድ መሆኑን ቀድሞም ያውቁታል፤ ሶ ዋት፣ እንደ ስሚዝ በየቦታው ያለ ስም ነው ብለው ትተውታል። እሱ አሮን ዘርዓብሩክ ቀለመወርቅ አለ። እሷ ሐሌታ ኢዮኤል ቀለመወርቅ ናት። ሰባት ቤት የት ደርሶ፣ ሁለተኛው ላይ ተገናኙ።

ልጁ ትኩር ብሎ አየኝ። ሱዳን ሞተ የሚባለው የአባቴ ወንድም ኢዮኤል ነበር አለና ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ። ቀና ሲል ግንባሩ የኢዮኤል፣ ፈገግታው የኢዮኤል። በእጄ አፈር ያለበስኩት ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ አጎቴ ይለኛል። አይደለሁም ማለት አቃተኝ። እሱ ለአባቱ ደወለ፣ አባቱ ለእርስዎ። ማምሻውን እርስዎ ሲደውሉ እያለቀሱ ልጄ አሉኝ፤ እኔም እማዬ አልኩዎ። ከሁሉም በላይ ነፍሴ የምታፍረው በዚህ ነው።

እኔ ኢዮኤል አይደለሁም። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ዘሪሁን ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከልጅዎ ጋር በአንድ የስደተኛ ድንኳን ነበርን። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ሰዎች ስም በሚጠራበት ሰሞን ወባ ጣለው። ስሜ ሲጠራ አቤት በል አለኝ። ማክሰኞ ቀበርኩት፣ ሐሙስ ስሙ ተጠራ፣ አቤት አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አቤት እላለሁ፤ በታክሲ ፈቃዴ፣ በቤት ኪራይ ውሌ፣ በልጄ የልደት ወረቀት ላይ። ለእርስዎ ግን አንድ መስመር ሳልጽፍ ኖርኩ። ፈራሁ፤ የፈሩት ይደርሳል።

እርስዎ በደወሉልኝ ማግስት እውነቱን ከእርስዎ በቀር ለሁሉም ተናገርኩ። ማን ይመነኝ? ዘርዓብሩክ፣ ወንድም ጋሼ ለሠርጉ ብለህ ራስህን አትካድ ይለኛል፤ ይህን ብትነግራት እማዬ ትሞታለች ብሎም እንዳልደውልልዎ ከልክሎኛል። ኤልሳቤጥ አታናግረኝም። ሐሌታ የአጎቴን ልጅ አላገባም ብላ ቀለበቱን መለሰች። ሆሊውድ ካለው ቤቷ ሄጄ ባንኳኳም አትከፍትልኝም።

አንድ ነገር ግን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ኢዮኤል ሳያገባ፣ ሳይወልድ ሞተ። ስሙ ግን በሰው አገር ልጅ አሳደገ፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን ሰው መካከል የወንድሙን ልጅ መርጣ ወደደች። ይህን እኔ አላደረግኩትም። የማን ሥራ እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

ባለፈው ሳምንት የተነሳሁትን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። እናት ልጇን አትስትም። ደህና አድርገው ይዩኝና ሲያበቁ ለሐሌታ ደውለው፣ ልጄ ሞቷል በሏት። ከእርስዎ አፍ ካልሰማች አታምንም።

እንዲህ ያለ ነገር ከእናት መለመን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለእርስዎ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የእሱን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ።

ልጅዎን የቀበረ ልጅዎ