በድምፃቸው የምናውቃቸው እትዬ መስመር

እትዬ መስመር እያላችሁ የምትጠሯቸው ታላቅ እህቴ፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከእናታችን ከገበያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። በእሳቸውና በእኔ መካከል የተወለዱት አላደጉልንም፤ እናታችንም ገና በልጅነቴ ስላረፈች እህትም እናትም ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። የአባታችን ዓይን ሲደክም ትምህርቱን ትተው በሃያ ዓመታቸው በከተማችን ሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ተቀጠሩ። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ያለች፣ መስኮት የሌላት፣ በሯ ከወንበሩ ጋር የምትጋጭ ነች። ጡረታ እስኪወጡ እዚያች ተቀመጡ። ወደ ሆስፒታሉ የደወለ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነበር፦ «ይጠብቁኝ፣ እንዳይዘጉት፤ አሁን አገናኝዎታለሁ።» ሚስቱ የወለደችለትም ዘመድ የሞተበትም በዚያ ድምፅ አልፏል። ፊታቸውን ያየ ግን ጥቂት ነው። ከሰው ቀድመው ይገባሉ፣ ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ፣ ሰው ከሄደ በኋላ ይወጣሉ።

በሠላሳ ዓመታቸው ከአንድ ሾፌር ጋር ተጋብተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ። ምነው ሲባሉ «መስመሩ ተቆረጠ» ብለው ይስቁ ነበር። ልጅ አልወለዱም።

ከከተማ ወደ ከተማ በሰው እጅ የሚዞረው የአገር አቀፉ የስፖርት ጨዋታ ችቦ በከተማችን ሲያልፍ ሆስፒታሉ አንድ ሠራተኛ እንዲመርጥ ተጠየቀ። በስብሰባው ላይ የወጥ ቤት ኃላፊዋ «እትዬ መስመር ይያዙልን» ብትል አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ሥራ አስኪያጁ እስቲ ይነሡልን ሲሉ እህቴ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ዞሮ ያያቸው የለም፤ ሁሉም ከውጭ ይገባሉ ብሎ በር በሩን ነበር የሚያየው።

ማታ ቤቴ መጥተው ሊተዉት እንደሆነ ነገሩኝ። «የመረጡት ድምፄን ነው። ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ በመሃላቸው ችቦ ይዤ ከማልፍ ክፍሌ ብቀመጥ ይሻለኛል» አሉኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አለቅም፤ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቼ አመጣሁላቸው።

በዕለቱ መንገዱን የሞሉት የሆስፒታሉ ሰዎች ነበሩ። እህቴ ችቦውን ይዘው ሲያልፉ፣ አንዷ ነርስ እዚያው አጠገባቸው ቆማ ጥበቃውን «እትዬ መስመር ገና ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ልጮህ ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። መጨረሻው ላይ እሳቱን በራሱ ችቦ የሚቀበላቸው ወጣት መምህር ነበር። ንፋስ ስለነበረ የእሱ ችቦ አልያዝ አለ፤ ልጁ ተደናግጦ እጁን ሊመልስ ሲል አፋቸው እንደለመደው፦

«ይጠብቁኝ፣ እንዳይዘጉት፤ አሁን አገናኝዎታለሁ» አሉት።

የሰማው ሁሉ ወደ ድምፁ ዞረ። ከዚያ ሰዉን ተከትላ የመጣችው ያቺ ነርስ «ውይ፣ እሳቸው ናቸው» አለች። ሰዉ ግር ብሎ ከበባቸው፤ ጉንጫቸውን ስሞ ስሞ አልጠግብ አለ። እህቴን እንደዚያ ቀን ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ነገሩ አልቆየም። ጥቂት ቀን በራቸውን እየከፈተ ሰላም የሚላቸው ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው፣ በሩም ወደ መዘጋቱ ተመለሰ። እሳቸው ማንንም አልወቀሱም፣ እኔም ለወቀሳ አልጻፍኩትም። ለመታሰቢያ የተሰጣቸውን ችቦ አልጋቸው ራስጌ አቆሙት። ጡረታ ሲወጡ ቦታቸው ላይ የተቀዳ ድምፅ ገባ።

ባለፈው ዓመት ጉሮሯቸውን ታመሙ፤ በመጨረሻ ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ። እኔ ሁልጊዜ ምሽት እየደወልኩ የዋልኩበትን አወራላቸው ነበር። እሳቸው ስልኩን አንሥተው በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ አለሁ ማለታቸው ነው። ባለፈው ሐሙስ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣው ጠፋ። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ብቻቸውን፣ አልጋቸው ላይ ዐረፉ።

እኔ ታናሽ እህታቸውና ሦስት ልጆቼ ቀርተናል። በድምፃቸው የምታውቋቸው ሁሉ ደግሞ ዛሬ መጥታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እህቴ «ይጠብቁኝ» ያሉትን ሰው ሳያገናኙ ትተው አያውቁም። አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እሳቸውንም ደጅ ላይ ብቻቸውን አያስጠብቅብን።