ያላፈረስከው ስለት

የኔ ጌታ ታዴ፣

ከተለየኸኝ ትናንት ሰባት ዓመት ሞላ። እኔ እንደሆንኩ ብቀመጥም አልረጋም፤ ደጅ ወጥቼ ምን ፈልጌ እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ቤቱ ደህና ነው። ጣራው በአዲስ ቆርቆሮ ተቀየረ፤ ልጃችን ማስተዋል ቱም ከተማ አስተማሪ ሆናለች። ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ነገር ፈርቼ ነው።

አምና እኔም እንዳንተ ሆንኩ። ከበርጩማ ስነሳ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ ተክዬ ነበር። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መጣል እንኳ አቃተኝ። ሚዛን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ነይ አለችኝ። በፌስታል ወሰድኩላት። የወባውን ክኒን፣ ክሎሮኪኑን ለይታ አወጣችና ስንት ጊዜ ወሰድሽው አለች። በኩራት ነገርኳት እኮ! በየቀኑ፣ ቴፒ ከገባን ጀምሮ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል። ፊቷ ተለዋወጠ። እንዲህ ለዓመታት ሲዋጥ ጡንቻን ያደክማል፣ ዛሬውኑ አቁሚ አለችኝ።

ታዴ፣ ያ ክኒን የኔ ሥራ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ቴፒ ስንገባ የመጀመሪያ ልጃችንን ወባ በአራት ቀን ነጠቀን። ዳግም ከዚህ ቤት ሰው አይወስድም ብዬ ማልኩ። ጤና ጣቢያ በሳምንት አንዴ ያሉኝን በየቀኑ አደረግኩት፤ ሲበዛ አብልጦ የሚጠብቅ መስሎኝ። ጠዋት ጠዋት መዳፍህ ላይ አኖርና እስክትውጠው አፍ አፍህን አይ ነበር። ይመራል ስትለኝ፣ ሞት ይመራል እልህ ነበር። ማስተዋልማ ምላሷ ሥር ደብቃ ትተፋው እንደነበር አሁን ነገረችኝ። ተባረኪ አልኳት።

የቡና ለቃሚዎች ካቦ ነበርክ፤ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ጎትተህ ትይዝላቸው ነበር። ያ ክንድህ ዛለ። በሁዳዴ ሰግደህ መነሳት አቅቶህ ሰው አነሳህ። ጠበል ወሰድንህ። መድኃኒት ከጠበል ጋር አይሆንም ስላሉ ክኒኑን ተውክ፤ ብድን አረቄ በአፌ አይዞርም ብለህም ተሳልክ። በአምስት ወርህ ዳገቱን ብቻህን ወጣህ። እልል አልኩ። ቤት በገባህ ማግስት ጠዋት ግን ክኒኑን መዳፍህ ላይ መለስኩት።

ጉልበትህ እንደገና ሲከዳህ ስለቱን አፍርሷል አልኩ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ አፍህን አሸተትኩ። በሞተችው ልጃችን ማልክልኝ፤ አላመንኩህም። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ያን ቀን በዝናብ ጓሮ ወድቀህ ስትጣራ ሰማሁህ። ሰክሯል፣ ራሱ ይነሳ ብዬ ልብስ ማጠፌን ቀጠልኩ። ስወጣ ጭቃው ላይ ነበርክ። ያኔም እንኳ አፍህን አሸተትኩ። ምንም አይሸትም ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ብርዱ ሳንባህ ገባ፤ ሳምንት ሳይሞላህ ሄድክ።

እኔ ክኒኑን ካቆምኩ ስድስት ወር ሆነኝ። አሁን እጄን ሳልተክል ብድግ እላለሁ። ብድግ ባልኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። አንተም ትነሳ ነበራ!

ትናንት በተዝካርህ ሰው በልቶ ሲያበቃ ድንኳኑ መሃል ቆምኩ። አረቄ አልቀመሰም፣ ስለቱን አላፈረሰም፤ ክኒኑን ያስዋጥኩትም ያማሁትም እኔ ነኝ አልኩ። በኋላ አብሮህ ይሠራ የነበረው ጋሽ በየነ ቀስ ብሎ ተነሳ። እኛ አለመጠጣትህን እናውቅ ነበር አለ። ልጅ የቀበረች ናት፣ ፍርሃቷ ነው የሚያናግራት፣ አንድ ሰው ክፉ እንዳይመልስላት ብለህ አስምለሃቸው እንደነበርም ነገረኝ።

እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ታዴዬ፣ ስታማህ የኖረችውን ሰው ስትጠብቃት ነበር። አንተ ጋ እስክመጣ ድረስ ስምህን በጠሩበት ሁሉ ይህን እናገራለሁ፤ ባይጠይቁኝም እናገራለሁ።

ባለቤትህ፣
ዘነበች