ውኃ ለማትጠጣ መኪና የተሞላ ጀሪካን

ይድረስ ለአባዬ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው «ለጤናህ እንደምን አለህ» ተብሎ ነበር። አንተን ግን ይህን ብጠይቅህ ምን ይረባል፤ ከሕመምህ ካረፍህ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነህ። እኛ ደኅና ነን። እማዬ ደኅና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ደረጃ ሲሆንባት ያማታል። ወንድሜ ሙሉቀንም ደኅና ነው። ሰማያዊዋ ቮልስህም ደኅና ናት። እንዲያውም ይህን ወረቀት የያዝሁት የእሷን ነገር ልነግርህ ብዬ ነው።

በሰው ፊት «አንቱ» እያልሁህ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ሞተር ፊት ስንቀመጥ ግን «አንተ» እልህ ነበር። አንድ ቀንም አልተቆጣኸኝ፤ እጁን ግራሶ የነከረ ሰው አንቱ አይባልም እያልህ ትስቅ ነበር። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የጋራዡ እንጂ የሳሎኑ አይደለም።

ባሕር ዳር ብትመጣ መንገድ ይጠፋብሃል። የሐይቁ ዳር ተነጥፎ፣ መብራት ተተክሎለት፣ ሰው ሁሉ ይንሸራሸርበታል። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ግን ዘንድሮም አልለቀቀንም። ለቤንዚን ወረፋ ገብቶ መዋል እንደ ሥራ ተቆጥሯል። ደግሞ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች መጥተውልሃል፤ ከኋላህ ደርሰው እስኪነኩህ ድረስ አትሰማቸውም። ከመካከላቸው ያው የአንተ የቮልስ ፋብሪካ የሠራትም አለች፤ ሙሉቀን የመሥሪያ ቤቱን አንዷን ይነዳል። ካቻቢቴህን ሞተሩ ላይ ደግፈህ እጀታውን ጆሮህ ላይ ስታደርግ ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ልትሰማ ነው? እንደ ፍሪጅ ጭጭ ያለች ናት።

ጋራዥህ የመጣ ሰው መኪናው እስኪጠገን ድረስ የቮልስን ታሪክ ሳይሰማ አይሄድም ነበር። ጀርመኖች ለድኻው ወገናቸው አስበው እንደሠሯት፣ ስሟ እንኳ «የሕዝብ መኪና» ማለት እንደሆነ፣ መልኳን ሳይነኩ በየዓመቱ ውስጧን እያሻሻሉ ዓለምን እንዳዳረሷት። ስትናገር የሠራሃት አንተ ትመስል ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነብ ግን የታሪኩን ሌላ ወገን አገኘሁ። ለድኻው ሁሉ መኪና ይደርሰዋል የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰጠው ያ ዓለምን ያነደደው የጀርመን ገዥ ኖሯል። መኪናዋን እናገኛለን ብለው የቆጠቡት ሰዎች ጦርነቱ መጣና ሳይደርሳቸው ቀረ። በጦርነቱ ጊዜም ፋብሪካው ውስጥ በግድ ተይዘው የተጋዙ ሰዎች ሠርተዋል።

ለዕረፍት ስመጣ ነገርሁህ። ጎበዝ ተማሪ መሆኔን ላሳይህ ነበር እንጂ ልብህን እንደምሰብረው አላሰብሁም። ሦስት ቀን ታሪኩን ተውኸው። ሰው ታሪኩን ሲጠብቅ አንተ ስለ ዝናቡ ታወራለህ። በአራተኛው ቀን የአንድ የወረታ ነጋዴ መኪና ስትሠራ እንደገና ጀመርህ። በዚህ ጊዜ ክፉው ሰውዬም፣ የተታለሉትም፣ በግድ የሠሩትም ገቡበት። ከዚያ የፈረሰውን ፋብሪካ አንድ የእንግሊዝ መኮንን እንዳስቀጠለው፣ የውጭ አገር አዋቂዎች አይተው ይህችን አስቀያሚ ጯሂ ማን ይገዛታል ብለው እንደሄዱ፣ የተራቡት ሠራተኞች ግን እንዳልተዋት ተረክህለት። መጨረሻ ላይ፣ ቃሉን የሰጠ ሌላ፣ ቃሉን የፈጸመ ሌላ ብለህ ቁልፍህን አነሣህ። ከዚያ ወዲያ ያን ታሪክ አንድ ቀንም አሳጥረህ አልነገርህም። አባት ከልጁ ተምሮ፣ በሰው ፊት ንግግሩን ሲያርም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሕይወት ሳለህ አላመሰገንሁህም፤ አሁን አመሰግንሃለሁ።

ፋብሪካው ስለ ናፍጣ መኪኖቹ ጭስ ዋሽቶ ተገኘ የተባለ ጊዜማ ልደብቅህ ሞክሬ ነበር። አንተ ለካ ከእኔ ቀድመህ በሬዲዮ ሰምተሃል። ስምም እንደ ሞተር ቫልቭ ነው፣ አንዴ ተለክቶ አይተውም፣ አልህ በቃ። ቀጠል አድርገህ ደግሞ፣ ስሟን ያወጣላት ጀርመን ቢሆንም እዚህ ያቆየላት የእኛ አገር መካኒክ ነው አልህ። እውነትህን ነው። ስንቱን መምህርና ስንቱን ነርስ መንገድ ላይ ያላስቀረችው በአንተ እጅ ነው።

ያስባረክሃት ቀንስ ትዝ ይልሃል? ሞተሯን አውርደህ ከጠገንሃት በኋላ የንስሐ አባታችንን ጠራህ። ቄሱ የፊት ኮፈኗን አስከፈቱና ዳዊት ደግመው ጠበሉን አርከፈከፉት። ያገኘው ግን ትርፍ ጎማውንና የእማዬን የገበያ ዘንቢል ነው። አንተ ነጠላህን አጣፍተህ ቆመሃል። እኔ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነክሼ ላደማው ነበር። ሲጨርሱ መስቀል ተሳልመህ፣ ሞተሩ ከኋላ መሆኑን ቀስ ብለህ ነገርሃቸው። እሳቸውም ሳቁና፣ ጎማውም በረከት አይጠላም ብለው ወደ ኋላ ዞረው ከመጀመሪያው ደገሙት። ሁለቴ የተባረከች መኪና ያለን እኛ ብቻ ነን ትል ነበር።

ሰው የሚስቅብህ ግን በጀሪካኑ ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ራዲያተር የላት፣ ውኃ አትጠጣ። አንተ ግን ከፊት ኮፈኗ ሥር ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውኃ ሳትይዝ ከግቢ አትወጣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜም የቆየውን ደፍተህ አዲስ ትሞላለህ። ሐሙሲት መንገድ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት የተከበበ መኪና አይተህ አልፈህ አታውቅም። አንድ ቀን አንበሳሜ ለቅሶ ስንሄድ ሦስት ቦታ ቆመህ፣ ለቅሶው ካለቀ ደረስን። እማዬ ያን ዕለት ለመኪናዋ ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ ውኃ ቀጂ አገባሁ አለችህ። የማታውቀውን ሰው የምታጠጣው አንተ፣ የእሷን ኩርፊያም እንዲሁ ጠጣኸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ሐኪም ቤት ተኝተህ የለመንኸኝ አንድ ነገር ነበር። መኪናን የሚገድላት መሄድ ሳይሆን መቆም ነው፣ ሰማያዊዋን እንዳታቆሚያት አልኸኝ። እሺ አልሁህ። አርባህ ሳይወጣ ያ እሺታዬ ተፈተነ። ሐይቁ ዳር አዲስ የተከፈተ አንድ ሎጅ፣ በሩ ላይ አቁሞ ኮፈኗን ከፍቶ አበባ ሊተክልባት ፈለገ። ነገሩን ያመጣው ሙሉቀን ነው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እማዬ በመስኮት ባየቻት ቁጥር ከጉሮሮዋ እህል አልወርድ ብሎ ነበር። ትሂድልኝ ማለት የጀመረችው ራሷ ናት። እኔ ደግሞ እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ። እኔው እነዳታለሁ፣ ለአበባ አይደለችም አልሁ። እማዬና ሙሉቀንም፣ እንግዲያው ነገ ጠዋት የሎጁ ሰዎች ሲመጡ አስነሥተሽ አሳዪያቸው አሉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በሐይቁ ዳር ስነዳት ሞተሯ ቀጭ ቀጭ ይላል። የቫልቮቹ፣ የሞተሯ መተንፈሻ ክዳኖች፣ ክፍተት ሰፍቶ መሆኑን ከአንተ ስለማውቅ ግቢ ገብቼ ወዲያው ከፈትኋት። እያቃጠለኝ፣ በጨርቅ እየያዝሁ፣ በዚያች እንደ ወረቀት በሳሳች የብረት መለኪያህ ለክቼ አጠበብሁት። ኮራሁም። በማግሥቱ ጠዋት ሰዎቹ ቆመው ቁልፉን ባዞር አልነሣም አለች። ባትሪው እስኪደክም ሞከርሁ። ሙሉቀን አንገቱን ደፋ። እማዬ፣ የመኪናዋ ነፍስ ከእሱ ጋር ሄዳለች፣ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ውሰዷት ብላ ቃል ሰጠቻቸው። ሸራ አለበስናት። እኔም ቃሌን በልቼ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሸራ አጠገብ ዓይኔን እየሰበርሁ አለፍሁ።

ልጅህ ምን እንደምታስተምር አልረሳህም መቼም። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ጠመኔውን እንደያዝሁ ቀረሁ። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ የምትቀሰቅሰኝ ለምን ነበር? ማንም ሳይነዳት፣ ሞተሯ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ ልትለካ አይደለም እንዴ? በትኩሱ የለካሽው ሲበርድ ይጠብቅብሻል፣ ያልኸኝ ስንት ጊዜ ነው! ስንት ዓመት የሰው ልጅ ያስተማርሁትን ነገር የገዛ አባቴ መኪና ላይ ረሳሁት። መምህርት ተብዬ! ሞተሯ አልሞተም ነበር፤ ቫልቮቹ እንዳይገጥሙ አጥብቄ ትንፋሿን ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

ባትሪውን አስሞልቼ ቅዳሜ ሲነጋጋ ሸራውን ገፈፍሁ። ሥራው ግን የሁለት ሰው ነው። አንዱ ሲለካ ሌላው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ የሚዞርበትን ክብ ብረት በእጁ ቀስ እያደረገ ያዞራል። ልጅ ሳለሁ የማዞረው እኔ ነበርሁ፤ አንተ «አዙሪ» ስትል አዞራለሁ፣ «ቁሚ» ስትል እቆማለሁ። አሁን ብቻዬን ሆኜ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስል እማዬ ከኪዳን ተመለሰች። ቆማ አየችኝ። ልትቆጣ ነው ብዬ አቀረቀርሁ። ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ አኖረችና አጠገቤ ተንበረከከች፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ። ብረቱን ያዘችው። አንቺ ሳትወለጂ ማን ያዞርለት የነበረ መሰለሽ? አለችኝ።

አባዬ፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኸኝም። እኔ ያ ቦታ ከጥንትም የእኔ ይመስለኝ ነበር። እሷ ለእኔ ለቅቃልኝ ኖሯል። እጇ ሥራውን አልረሳውም፤ የት ላይ መቆም እንዳለባት ሳልነግራት ትቆም ነበር። በመጨረሻ ቁልፉን አዞርሁ። ሦስተኛው ላይ ተነሣች። ያ ድምፅ ግቢውን ሲሞላው እማዬ ዓመቱን ሙሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች፤ ከዚያ ተነሥታ ቁርስ በላች። ሰኞ ዕለት ሎጁ ድረስ ሄደች። የሰጠኋችሁ ቃል የኀዘን ቃል ነበር፣ በትኩሱ ነው የተናገርሁት፣ ይቅር በሉኝ አለቻቸው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አበባቸውን አንድ ያረጀ ጀልባ ላይ ተከሉት፣ አምሮበታል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ለሙት ዓመትህ ታምማ የቀረችውን እህትህን ልንጠይቅ ሐሙሲት ሄድን። እኔ ስነዳ እማዬ ከጎኔ። መንገዱ ላይ አንድ ሚኒባስ እንፋሎቱ እየተንቦለቦለ ቆሟል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። እውነቱን ልንገርህ፣ ላልፍ ነበር። ዘመኑ የማያውቁት ሰው አጠገብ የሚቆሙበት አይደለም፤ ደግሞም ጀሪካኑ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ባዶ ነው ብዬ ነበር። እማዬ ክንዴን ያዘችና አቁሚ አለችኝ።

ወርዳ ኮፈኗን ከፈተች። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ውኃው ሽታ የለው፣ ዝቃጭ የለው፣ የዚያኑ ዕለት የተቀዳ። ሾፌሩ ተቀብሎ ሲያበቃ፣ ቮልስም ውኃ መጠጣት ጀመረች እንዴ እናቴ? ብሎ ቀለደ። የእሷ አይደለም፣ የባለቤቴ ነው አለችው። ወደ መኪናው ስንመለስ መቼ ሞላሽው አልኋት። ቅዳሜ ቅዳሜ አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ፤ ሸራ ለብሳ በቆመችበት፣ ለአበባ ተሰጥታ ሳለ፣ በየሳምንቱ ሸራውን ገልጣ የቆየውን እየደፋች አዲስ ስትሞላ ኖራለች። ለምን ብላት፣ እጄ ለምዶት ነው እንጂ ለምን ይሆናል አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እኔ እኮ አንተን የማስታውስህ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አባዬ፣ ስላስተማርኸኝ፣ ስላረምኸው ታሪክ፣ ስላስቀመጥኸኝ ቦታ ሁሉ አመሰግናለሁ። እማዬን ስለሰጠኸኝም። አልረሳህም ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ብዬ ቃል እገባልሃለሁ። ሳትቀዘቅዝ አልነካትም። አላቆማትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃውን ከእንግዲህ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ እማዬ ክዳኑን ታጠብቃለች። አሁን ከቧንቧው እየተንቆረቆረ ነው፤ ሞልቶ ሳይፈስ ልሂድ።

ልጅህ