የሞተችውን ሳይሆን የታመመችውን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃችሁን ያንኳኳ። ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበትስ? አሁንም ደረጃ ስትወጣ ስሜን እየጠራች ታማርራለች? ሚስትህስ ወገቧ ተሻላት? ሕፃኗ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ፤ ከአለቃዬ በቀር የሚያመኝ የለም። ስለ እማዬ ዳክዬዎች መታመም የጻፍከው ደርሶኛል። ግን መጀመሪያ ልሳደብ፤ ካልተሳደብኩ ብዕሬ አይፈታም።

አለቃችንን ላቦራቶሪው ሁሉ «አውቃለሁ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ከአፉ የማትጠፋ ቃል እሷ ናት። ሰሞኑን አንድ ባለ ወርቅ ጥርስ የዳክዬ አርቢ የሞቱ ዳክዬዎች በጆንያ ይዞ መጣ። ጆንያው ሲፈታ ዝንቦቹ እንኳ አፍንጫቸውን የያዙ መሰለኝ። «የታመመች ግን ያልሞተች፣ መድኃኒትም ያልቀመሰች አምጣልን» ስለው፣ «በእግሯ የቆመችውንማ አልሰጥም፣ ሥጋ ናት» አለኝ። አንገቷ ተጣሞ፣ በጀርባዋ ወድቃ አየሩን በእግሯ የምትቀዝፈውን ነው ሥጋ የሚላት! ዳክዬዎቹ በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ደግሞ መድኃኒት ቤት ያገኘውን ሁሉ ይበጠብጣል።

አውቃለሁ ከበሰበሰው ጉበት ቆንጥሮ ባክቴሪያ ማብቀያው ሳህን ላይ ቀባ። በማግስቱ ሳህኑን እንደ ፈሰሰ ወተት የሸፈነ ነገር በቀለ። የሬሳ ባክቴሪያ ነው፤ የበሰበሰ ሁሉ ላይ አይጠፋም። እሱ ግን «አገኘሁት!» ብሎ ደረቱን ነፋ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

እርባታው ድረስ ሄጄ፣ ከባለ ወርቅ ጥርሱ ጋር ተጨቃጭቄ፣ መድኃኒት ካልገባበት ቤት አንዲት ታማሚ አመጣሁ። አርጄ፣ ከአንጎሏ ወስጄ ደም የገባበት ሳህን ላይ ዘራሁና፣ ሳህኑን ከበራ ሻማ ጋር ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከደንኩት። ሻማው ሲጠፋ የሚቀረውን የታፈነ አየር፣ ዳክዬዎቹን ትገድላለች ብዬ የጠረጠርኳት ባክቴሪያ ትወደዋለች። አውቃለሁ አይቶ «ልደትሽ ነው እንዴ?» አለ፤ አጨብጫቢዎቹም ሳቁለት። ጤዛ የመሰሉ ነጠብጣቦቿ ሲወጡ ግን ሳህኑን ከእጄ ነጥቆ ወደ መብራት አስጠጋው። የአርቢውን መድኃኒት ባስጠጋባትም ደንታ አልሰጣት፤ መድኃኒቱ ሥር በቀለች። ይህን ለባለ ወርቅ ጥርሱ ስነግረው «እንግዲያው መጠኑን ልጨምር?» አይለኝም! እንዲህ ያለውን ሰው መናቅ ራሱ ድካም ነው።

ቤት ስገባ ደብዳቤህ ጠበቀኝ። «አንገታቸው ይጣመማል፤ ለታመሙት ያገኘሁትን መድኃኒት ሁሉ ሰጠሁ፤ ለምርመራ እንዲሆን የሞቱትን በጆንያ እያጠራቀምኩ ነው» ትላለህ። ስድቤ ሁሉ ዞሮ ቤታችን ገባ። የጎደለህ የወርቅ ጥርሱ ብቻ ነው፣ ወንድሜ።

ጆንያውን አርቀህ ቅበር። ገና መታመም የጀመረች፣ መድኃኒት ያልቀመሰች አንዷን ይዘህ ቅርብ ወዳለው ላቦራቶሪ ሩጥ። እማዬ «የቆመችውንማ አልሰጥም» ማለቷ አይቀርም፤ እያለቀሰችም ቢሆን ውሰዳት። መንጋው ካለቀ እናታችን በእርጅናዋ የሰው እጅ ልታይ ነው፤ እሱን አልችለውም።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ሚስትህን ወገብሽን ጠብቂ በላት። ሕፃኗን ጉንጯን ንከስልኝ። አንተን ግን ያቺን ዳክዬ ታቅፈህ ከበር ስትወጣ ያኔ እስምሃለሁ።

እህትህ
ከላቦራቶሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት 20