አማቾቼ እግሬን ለምን ያያሉ

ሰኞ፣ ጥር 13

ፊቴን አላየም። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ስከታተለው ነበር። እኔ ከኋላው ቆሜ ማጅራቱን አስተካክላለሁ፣ እሱ አንገቱን ዘመም አድርጎ እግሬን ያያል። ዕድሜዬን ፀጉር ስቆርጥ ነው የኖርኩት፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን ነው የሚያይ። ራሱን ትቶ የቆራጩን እግር የሚያይ ዛሬ ገና ገጠመኝ።

ሰውዬው አቶ ምናለ ነው። ልጄን ትርንጎን ሊያገባ ሽማግሌ የላከብን የሀብታሙ አጎት። ከሞጣ ቢቸና ለጉዳይ መጥቶ በዚያው ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ አሉ። ሞጣ ፀጉር ቤት ጠፋ?

ከሰዓት በኋላ እግሬ ስለሚያብጥ ጫማ አልችልም፣ ነጠላ ጫማ ነው የማደርገው። ግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሰማያዊ ሥሮች ተጠላልፈው ወጥተዋል። ባቴ ላይ ደግሞ ጣት የሚያህል ሥር ተጠማዞ ወርዷል። ሁሉንም አየው። ሲወጣ፣ «እግርዎን ያምዎታል እንዴ?» አለኝ።

«መቆም ነው» አልኩት።

«አይ፣ መቆም…» ብሎ ሳይጨርሰው ሄደ። አነጋገሩ አልጣመኝም።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ዘር ማንዘር ሲቆጠር ዋለ። በሽታ ግን አልጠየቁም። ገርሞኝ ነበር። ለካ በዓይናቸው ሊጠይቁ ኖሯል።

ማክሰኞ

እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? እኔም ዝሆኔ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። የእናቴ ወንድም ደብረ ወርቅ አጠገብ አራሽ ነበር፤ እግሩ እንደ ግንድ አብጦ ነው የሞተው። ልጆቹን ከአካባቢው ደፍሮ ያገባ አልነበረም። እኛ አገር ዝሆኔ በዘር ይወርዳል ይባላል። ዘር ሲቆጠር ያን አጎቴን ዘለልኩት።

ለሞጣዎቹ ማን ነገራቸው? ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሊሆን ይችላል። «በዋግምት ይውጣልህ፣ የተበላሸ ደም ነው» እያለ ሰው ፊት ይጮኻል። የባለቤቴ እህትም አለች፣ አፏ ክዳን የለውም። ወይ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ። እሱ እንኳ ደንበኛ ከቀነሰብኝ ይበቃዋል።

ባለቤቴ የሺ ሳቀችብኝ። «አንተ ሰው፣ አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያንተን እግር ያስባል?»

ትሳቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማታ ፈላ ያለ ውኃ በጨው አቀረበችልኝ። ነከርኩት። የባሰ ተወጠረ፣ ያሳክከኛልም።

ረቡዕ

ትርንጎ ከሞጣ ደወለች፤ ሥራዋ እዚያው ነው። የሀብታሙ እናት እትዬ ጥሩዬ «ቅዳሜ መጥታችሁ እደሩ» ብለዋል። የሺ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ።

የድሮ ወግ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። እነሱ ቤት እንግዳ ሲገባ እግሩ ይታጠባል። ጎንበስ ብለው ካልሲህን ያወልቃሉ፣ ሱሪህን ይሰበስባሉ፣ ውኃ እያፈሰሱ ጣት በጣት ያሹሃል። ከዚህ የበለጠ ምርመራ የት አለ? እምቢ ማለትም አይቻልም። እምቢ ያለ እንግዳ ወይ ንቋል፣ ወይ የደበቀው ነገር አለው።

ስልኩን ከየሺ ተቀብዬ፣ «የልጁ አባት ግን ለምንድን ነው የማይታዩት? ሽማግሌ ሲላክም አልመጡ» አልኳት።

«ትንሽ ያማቸዋል» አለችና ስለ ቀሚስ ማውራት ጀመረች።

ቀሚስ!

ሐሙስ

ሳልመረመር እግሬን አላስይዝም። ቢቸና እንዳልመረመር፣ ሐኪም ቤት ስትገባ ያየህ ሰው ሳትወጣ በሽታህን ያወራልሃል። ስለዚህ ነገ ብቻዬን ቀድሜ ሞጣ እሄዳለሁ። የሺን የፀጉር ማሽን ልገዛ ነው አልኳት። «ቢቸና ማሽን ጠፋ?» አለች። እሷም መጠርጠር ተማረች።

አርብ፣ ሞጣ

ሚኒባስ ውስጥ ታጥፌ ስወርድ ግራ እግሬ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ልጄ እንዳታየኝ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ቁሙ አለችኝ፣ ቆምኩ። ከዚያ አስተኝታ እግሬን ወደ ላይ አነሣችው። ያ ሁሉ ሥር ዓይኔ እያየ ሟሸሸ። ስቆም ተመልሶ መጣ።

«አባቴ፣ ይህ ቫሪኮስ ነው» አለች። «ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይመለስና ይጠራቀማል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። «እንግዲያማ» አለች።

ያለችኝ ይህ ነው፦ አንድ ቦታ ተገትሮ አለመቆም፣ በደንበኛና በደንበኛ መሐል መራመድ፣ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ። ማታ ተጋድሞ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ። የፈላ ውኃ ይቅር። ዋግምት በጭራሽ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ የሚጠለቅ ጠባብ ካልሲ አለ። አንዱ እግር ድንገት አብጦ ከጋለና ካመመ፣ ወይም ሥሩ ከደማ፣ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት። በዚህ ሁሉ ካልተሻለ ሥሩ የሚታከምበት ሌላ መንገድ አለ።

ካልሲው የሚሸጠው እዚያው በር ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ነው። ዘመዷ ይሆን? ገዛሁት ግን።

«ዝሆኔ አይደለም?» አልኳት በመጨረሻ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝሆኔ አይደለም ብለሽ ጻፊልኝ። ማኅተም ያለበት።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «እንዲህ ያለ ወረቀት አንጽፍም። ቢሆንስ ኖሮ? ዝሆኔ በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ጫማ አድርጎ ያደገ ልጅ አይዘውም። የያዘው ሰውም እግሩን በየቀኑ በሳሙና ከታጠበ፣ ከተቀባና ጫማ ካደረገ ይቀልለታል።»

የመጨረሻውን በአንድ ጆሮዬ ሰማሁት። ደስታዬ ነበር የያዘኝ። ሆቴል አልጋ ያዝኩና እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት፣ ሞጣ

የትናንቱን አሁን ልጻፍ፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ።

የሺ ከቢቸና ደርሳ ከትርንጎ ጋር አብረን እነ ሀብታሙ ቤት ገባን። እንደ ጠረጠርኩት ሳፋው ቀረበ። ሊያጥበኝ የተንበረከከው ራሱ አቶ ምናለ ነው። ካልሲዬን ያዘና ጎተተ። አልወጣም። ደግሞ ጎተተ። ያ ካልሲ በሰላም ቀንም ትግል ይፈልጋል። ቤቱ ሁሉ ያየናል። እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

አልቻልኩም። ራሴ ገፍፌ አወለቅሁትና እግሬን ሰጠሁት። «እዩት! ዝሆኔ አይደለም። ትናንት ተመርምሬያለሁ። የደም ሥር ነው!»

እፎይ የሚል ሰው ጠበቅሁ። ማንም እፎይ አላለም። የአቶ ምናለ እጅ ውኃው ውስጥ ቀረ፤ የእትዬ ጥሩዬ ፊት ጠቆረ።

«እኔስ» አለ አቶ ምናለ ቀና ሳይል፣ «እግርዎን ያየሁ ቀን እንደኛው ቤት ናቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ጓዳ ነው ያለው።»

ገባሁ። የሀብታሙ አባት አቶ አየነው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም እግራቸው ግንድ ሆኗል። ጫማቸው በቢላ ተቀዶ ነው የገባላቸው።

«እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ። «መነሣቱን እችል ነበር። አትውጣ ብለውኝ ነው።»

የመጀመሪያ ሐሳቤን አልደብቅም፤ ልጄን ሊያታልሉ ነበር አልኩ። ደሜ ፈላ። ሁለተኛው ሐሳቤ ሲመጣ ግን ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። እኔስ አጎቴን ቆጥሬላቸው ነው?

ትርንጎን ጓሮ ወሰድኳት። ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ታውቃለች፣ ከጅምሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተን ፈርቼ ነዋ፣ አባዬ» አለች። «ረቡዕ ስትጠይቀኝ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ተውኩት። የታመመ ሰው ደኅንነት እየጠየቅህ አልነበረም።»

ይህን ከልጄ አፍ መስማት ከእግሬ ይልቅ አመመኝ።

ሰኞ፣ ጥር 20፣ ቢቸና

ካልሲውን ሳልነሣ አጠለቅሁ። ማታ እግሬ ቀለል ብሎኛል፤ በካልሲው ይሁን በመራመዱ አላውቅም። ልብስ ሰፊው «ምን ያንጎራድድሃል?» ብሎ ሲሰልለኝ ዋለ።

 ማታ የሺ ስለ ሠርጉ፣ «እንግዲህ ምን ትላለህ?» አለች።

የሐኪሟን ቃል አምኛለሁ ወይ? ጭንቅላቴ አምኗል። ሆዴ አሁንም አገሩ የሚለውን ይሰማል። ሆዴን ብጠብቅ ግን ትርንጎ ታረጃለች።

አቶ ምናለ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ አጎቴን ነገርኩት። ቀጥዬ፣ «ሠርጉ ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፤ ወንድምዎ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ይቀመጡ» አልኩት።

«ለምን? ሰው እንዲያየው?»

«አዎ፣ ሰው እንዲያያቸው። መደበቅ ይብቃን።»

«ምን አስበው ነው?» አለና ዘጋው።

ማክሰኞ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ቀኑን ሙሉ ስልኩ ዝም አለ። በዓል ስለሆነ ነው አለች የሺ። እኔ እንኳ አፈረሱት ብዬ ነበር። ሊያዋርደን ነው ሳይሉ አይቀሩም፤ እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እንዲያ ነበር የምለው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቶ ምናለ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ወንድሜ እሺ ብሏል። ጫማ በልኩ ይሰፋልኝ እያለ ነው። እኔ ግን አሁንም አላመንኩዎትም።»

«እኔም ብሆን አላምንም ነበር» አልኩት።

ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ቀድሞ አቆመ።