የጭነኛ ቋጠሮ

ሆዴ ደስታ፣

ከደጃችን ተነሥተህ ወደ ሐኪም ቤት ከሄድህ፣ ሄደህም ከቀረህ ሰባት ወር ሆነ። ኮልፌ እንደተውሃት አይደለችም። ጣሊያን በባሕር ዛፉ መሐል መንገድ ጠርጓል፤ ካሚዮኑ ባለፈ ቁጥር ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል። በቅሎህን ወታደሮቹ ለጭነት ብለው ወስደዋት ቀረች። ኮርቻዋን ግን ደብቄዋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ወለላ «በቅሎ የሌላት ባለ ኮርቻ» እያሉ ይስቁብኛል።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ጎኔ ላይ ያበጠው አልቀንስ ብሎ ነገ ሐኪም ቤት ልተኛ ነው፤ እትዬ ወለላ ያደርሱኛል። ያንኑ የአንተን ስልቻ አውርጄ ጋቢ፣ በሶ፣ ጨውና ኩባያ ስከት ዋልሁ። እጄ ያን ቀን ለአንተ የከተተውን ሁሉ አስታወሰ። ያልከተተውንም።

ደስታ፣ ይህን ሳልነግርህ ነው የሄድኸው። የጸሎት መጽሐፍህን አላስያዝሁህም። አንተ በቅሎ ጭነህ መንገድ ስትሰነብት፣ እኔ ከእርሱ ላይ ፊደል እየለቀምሁ ብቻዬን ማንበብ ጀምሬ ነበር። ለሴት ምን ያደርግላታል ትለኛለህ ብዬ አፍሬ ደበቅሁህ። ያን ጠዋት «ሦስት ቀን ብተኛ ነው» ስትል፣ ለሦስት ቀን ምን አለበት አልሁና ከቆዳ ማኅደሩ አወጣሁት። ቅለቱ እንዳያስታውቅብኝ በምትኩ የሳንቃ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ ከተትሁበት። ለራሴ ግን፣ ኬላው ላይ የጣሊያን ወታደሮች ሲፈትሹ ይቀድዱበታል ብዬ ነበር የነገርሁት።

በአራተኛው ቀን ልጠይቅህ ስመጣ ማኅደሩ ራስጌህ ነበር። ስለ እርሱ አንዲት ቃል አልተነፈስህም። «ዓይንሽን በጢስ አታድክሚው፤ ደጅ ወጥተሽ ብርሃን ላይ ተቀመጪ» ብቻ አልኸኝ። ስለ ማድቤቱ መስሎኝ እሺ አልሁ። በማግስቱ አረፍህ።

ማኅደሩ ከልብስህ ጋር ሲመጣልኝ ልከፍተው ቀርቶ ላየው አልደፈርሁም፤ ምሰሶው ላይ ሰቀልሁት። ዛሬ መጽሐፉን ልመልስበት ሳወርደው ጠፍሩን አየሁ። እኔ ያሰርሁት እንደ መቀነት ነበር። አሁን የታሰረው አንተ በበቅሎ ጭነት ላይ በምትቋጥረው ቋጠሮ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ በሚገባው። ከፍተኸዋል። ሳንቃውን አይተህ፣ መልሰህ ጠቅልለህ፣ ዘግተኸዋል። ለካ ያን ቀን ስለ ማንበቤ እንጂ ስለ ማድቤት አልነበረም የነገርኸኝ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እስኪወጣልኝ አለቀስሁ። ከዚያ ጠፍሩ የሄደበትን መንገድ በጣቴ እየተከተልሁ፣ እንዳልረሳው ቀስ ብዬ ፈታሁት። ሳንቃውን አውጥቼ መጽሐፍህን አስገባሁ። መልሼ ስቋጥር ሦስት ጊዜ ተፈታብኝ፤ በአራተኛው ያዘልኝ።

ነገ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዙሬ፣ ያስቀረሁብህን አነብልሃለሁ። ድምፄን አውጥቼ። ከዚያ ድኜ ብመለስም ባልመለስም፣ ጣቶቼ እስከታዘዙልኝ ድረስ ይህን ማኅደር በሌላ ቋጠሮ አላስረውም።

ያንተዋ አስካለ