ከቅዳሴ በኋላ የታወጀው ኦክሲዴሽን

ሐሙስ

ገልብጬዋለሁ! ያ አላህ፣ ገልብጬ ነው ያስተማርኳቸው!

ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት የት እንዳቆምኩ እንዳልረሳ ሰሌዳውን በስልኬ አንስቼው ነበር። ዛሬ ሥራ ፈትቼ ሳየው በግራ «ኦክሲዴሽን» ብዬ ከሥሩ «ኤሌክትሮን መቀበል»፣ በቀኝ «ሪዳክሽን» ብዬ ከሥሩ «ኤሌክትሮን መስጠት» ጽፌያለሁ። ተቃራኒው ነው እኮ! ያኔ ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ «ቶሎ ልቀቂያቸው፣ መንገድ ሊዘጋ ነው» ሲለኝ እየተጣደፍኩ ነው የጻፍኩት። «ለፈተና ይቺን አትርሱ» ብዬ ደግሞ በኅብረት አስደገምኳቸው። ጎበዝ አስተማሪ!

የዚህ የሉማሜ ከተማ ልጅ መምህሩ ያለውን እንደ ዳዊት ነው የሚይዘው። አንዴ በቃሉ ካጠናው አይለቀውም።

ዓርብ

ከከተማ መውጫ የለም። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ኔትወርክ የለም። ልጆቹ በየገጠሩ፣ እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ። ብሔራዊ ፈተናው ግን አይቀርም ተብሏል፤ መንገዱ በተከፈተ ማግስት ደብረ ማርቆስ ይወስዷቸዋል። እኔ ሳላገኛቸው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ጥሩወርቅ ታሳዝነኛለች። አባቷ «ዘንድሮ ካላለፍሽ ትምህርት በቃሽ» ብለዋታል። እሷ ደግሞ እኔ ያልኩትን ነው የምትጽፈው።

የግቢውን የብረት በር ሳይ ዋልኩ። ዝጓል። ኤሌክትሮኑን እየሰጠ፣ ኦክሲዳይዝ እየሆነ፣ ዓይኔ እያየ! ዝገት እንኳ ያሾፍብኝ?

አከራዬ እትዬ ስንዱ «ምን ሆነሽ ነው እህል የማትቀምሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«በይ ተይ አሁን! በሬ የጠፋበት ሰው ምን ያደርጋል? ቤተ ክርስቲያን ያስነግር የለ?»

ሳቅኩ። ማታ ግን ሳስበው ሌላ ምን አለኝ?

ቅዳሜ

የእትዬ ስንዱ የነፍስ አባት ቄስ ሞላ መጡ። እርማቴን ከቅዳሴ በኋላ እንዲያውጁልኝ ለመንኳቸው።

«የማላውቀውንማ አላውጅም ልጄ። አስረጅኝ።»

ወደ በሩ ወሰድኳቸው። ብረቱ ሲዝግ ከራሱ ይሰጣል፣ ከአየሩ ያለው ኦክስጅን ይቀበላል፣ ኦክሲዴሽን የሰጪው ነው፣ ሪዳክሽን የተቀባዩ አልኳቸው። ዝገቱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና «ተቀባይ ከሌለ ሰጪም የለማ?» አሉ። የለም፣ ሁሌም አብረው ናቸው አልኳቸው። እንዴት ደስ አለኝ! ክፍል የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ «ማን ተሳሳተ ልበል?» አሉኝ።

እኔ ከወሎ የመጣሁ ሙስሊም ነኝ፤ አገሩ ገና እየለመደኝ ነው። «አስተማሪ ተብላ!» ሲሉኝ ታየኝ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ግን ስሜ ካልተጠራ ልጆቹ አያምኑም።

«ቲቸር ሰአዳ ተሳስታለች በሉ» አልኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሰማሁ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ቆሟል። መጀመሪያ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ ጠፍቷል ተባለ። ቀጥሎ የሰንበቴ ተረኛ። ከዚያ እኔ።

«የኬሚስትሪዋ ቲቸር ሰአዳ ‹ተሳስቻለሁ፣ አርሙልኝ› ብላለች። ኤሌክትሮን መስጠት ኦክሲዴሽን፣ መቀበል ሪዳክሽን። ተማሪ ያላችሁ ንገሩ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ!»

ሕዝቡ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ በአጠገቤ ሲያልፉ ጓደኛቸውን «ኤሌክትሮን ደግሞ የማን ላም ናት?» አሏቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ

ማንም አልመጣም። መንገዱም እንደተዘጋ ነው። እትዬ ስንዱ «ወሬ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ታገሺ» ይላሉ።

ማክሰኞ

ልብስ ሳጥብ በሩ ተንኳኳ። ዱላ የያዙ፣ እግራቸው ጭቃ የለበሰ ገበሬ።

«የጥሩወርቅ አባት ነኝ።»

ትምህርት በቃት ሊሉኝ መሰለኝ።

«አዋጁን ነገርኋት፣ አላምንም ብላ አስቸገረችኝ። ‹ቲቸር አትሳሳትም፣ ከራሷ አፍ ስማልኝ› አለች። ለፈተናው እንቅልፍ አጥታለች፤ ምን ላድርግ፣ በእርሻ በእርሻው አቋርጬ መጣሁ። እውነት አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ተሳስቼ ነው። መስጠት ኦክሲዴሽን፣ መቀበል ሪዳክሽን።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙት። አልተሳሳቱም። እንደገና አስደገምኳቸው፣ እያለቀስኩ እየሳቅኩ። ውኃ ጠጡ፣ መረቁኝ፣ ዱላቸውን አነሱ። ከበሩ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ውይ፣ ረስቼው! ‹ሌላው ያስተማርሽን ሁሉስ ልክ ነው ወይ?› ብላለች።»

«ልክ ነው» አልኳቸው፣ ቶሎ ብዬ።

ሄዱ። ልብሱን ከነሳሙናው ትቼ ስልኬን አነሳሁ። የዓመቱን የሰሌዳ ፎቶ ሁሉ ከመጀመሪያው እያየሁ ነው።